ምን ብዬ ልሙላው?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ የተሰጠው በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ እንደነበር ይታወሳል። ውጤቱ በጥር ወር ሲገለጽ፣ ከ896 ሺህ በላይ ከሆኑት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ መሆናቸው ተነገረ። ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በዚያ ሳምንት ብዙው ቤት ለቅሶ የተቀመጠ ያህል ፀጥ ብሎ ሳለ፣ ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ ግን እልልታ ተሰማ። የእኅቴ ልጅ አልፋለች።

ልጅቱ ቡሬ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ስንቋን በጀርባዋ እየተሸከመች የተማረች ናት። የገጠር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ እንዴት እንደሚማር የምታውቁ ሁሉ እልልታው ለምን እንደቀለጠ አትጠይቁኝም።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ማታ ስልኬ ጠራ። ልጅቱ ኔትወርክ ፍለጋ ከቤታቸው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጥታ ኖሮ ነፋሱ ድምጿን እየቆራረጠው፣ «አክስቴ፣ ምርጫ ሙሉ ተብለናል። ምን ብዬ ልሙላው?» አለችኝ።

ጥያቄው ለእኔ አዲስ አልነበረም። ከዚያ አሥራ አራት ዓመት ቀደም ብሎ እኔው ራሴ ጠይቄው፣ የሚመልስልኝ ሰው አጥቼ፣ እንዳገኘሁ ሞልቼ፣ ዋጋውን ከፍዬበታለሁ። ስለዚህም በስልክ መልስ መስጠቱን ፈራሁና፣ «እመጣለሁ። እኔ እስክመጣ ምንም ነገር እንዳትሞዪ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ወደ ቡሬው ጉዞ ከመግባቴ በፊት የራሴን ጥፋት ላስቀድም። እንዲህ ካላደረግሁ ምክሬ ሁሉ ካልታመመ ሐኪም የመጣ ይመስላል።

ተወልጄ ያደግሁት ከፍኖተ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ ነው። በ2001 ዓ.ም. መሰናዶ ስጨርስ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነበርኩ። ለምን የተፈጥሮ ሳይንስን መረጥሽ ብትሉኝ፣ ጎበዝ የተባለው ሁሉ ወደዚያ ስለሄደ ነው። ወቅቱ መንግሥት ከመቶ ሰባው ተማሪ በሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማር የወሰነበት ስለነበረ፣ መምህራኖቻችንም «ቦታው ያለው እዚያ ነው» ይሉን ነበር። የትምህርት ዘርፎቹ «ባንድ» በሚል ስም በስድስት ተከፍለው ነበር። ባንድ አንድ ምሕንድስና፣ ባንድ ሦስት ሕክምናና ጤና እያልን በቃላችን ወጥተነዋል። በውስጡ ምን እንዳለ ግን ማናችንም አናውቅም።

ፎርሙ ሲመጣ ከአጠገቤ የተቀመጠው ልጅ የጻፈውን ጻፍኩ። እርሱ ሕክምናን አንደኛ አደረገ፤ እኔም አደረግሁ። እርሱ ምሕንድስናን አስከተለ፤ እኔም አስከተልኩ። ስለ ምሕንድስና የማውቀው፣ ቆብ ያደረጉ ሰዎች በሦስት እግር በቆመ መሣሪያ መንገድ ሲለኩ ከሩቅ ማየቴን ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹን ደግሞ ስማቸው ደስ እንዳለኝ ደረደርኳቸው። አባቴ ማታ «ምን ሞላሽ?» አሉኝ። «ሕክምና» አልኳቸው። ደስ አላቸው። የቤተሰብ ምክክራችን ይኸው ነበር።

ውጤቴ ለሕክምና የሚበቃ አልሆነም። የተመደብኩት ከቤታችን በአውቶቡስ ሁለት ቀን በሚያስኬድ ዩኒቨርሲቲ፣ በተፈጥሮና ቀመር ሳይንስ ዘርፍ ነበር። ከዚያ ደርሼ ገና ሻንጣዬን ሳላሳርፍ ሁለተኛ ፎርም ተሰጠኝ። የትምህርት ክፍል ምረጡ ይላል። ሰልፉ ረጅም፣ ሰዓቱ አጭር፣ እስክሪብቶው የውሰት። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፉትን የትምህርት ክፍሎች ከላይ ወደ ታች እንዳሉ ገለበጥኳቸው። ስታትስቲክስ ደረሰኝ።

ስታትስቲክስ ምንም በደል የለበትም። ዛሬ በሥራዬ ላይ ከቁጥር ጋር ስታገል፣ ምነው ያኔ በርትቼ በተማርኩት እላለሁ። ግን ለምን እንደምማረው ስለማላውቅ፣ ትምህርቱ ሲከብድ የምይዘው ነገር አልነበረኝም። ከእኔ ያነሰ ውጤት ይዘው የገቡ፣ ነገር ግን የሚፈልጉትን የሚያውቁ ልጆች ሌሊቱን ሲያጠኑ እኔ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ስለ አገሬ አስብ ነበር። በሁለተኛው ሴሚስተር መጨረሻ በውጤት ምክንያት ተሰናበትኩ።

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የደረስኩት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። እስኪመሽ ድረስ ከአንድ ሻይ ቤት የውስጥ ክፍል ተቀምጬ ቆየሁ። በቀን ብሄድ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያየኛል። እናቴ በሩን ስትከፍት ሻንጣውንም እኔንም አየችና፣ «እራት አልበላሽም?» ብቻ አለችኝ። ስለ ጉዳዩ ዳግመኛ አላነሳችብኝም። በዓመቱ የበርበሬዋን ዛላ ሸጣ፣ ጋዜጠኝነት በዲፕሎማ ለሚያስተምር የግል ኮሌጅ ከፈለችልኝ።

ጋዜጠኝነትን ያገኘሁት በማንም ፎርም ላይ አልነበረም። በዚያ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት የሰፈራችን ሰዎች ማመልከቻና ደብዳቤ ያጽፉኝ ነበር። አንዲት ሴትዮ የመሬት ክርክሯን ሁለት ሰዓት ሙሉ ታወራኛለች፤ እኔ በአንድ ገጽ አስቀምጥላታለሁ፤ ሳነብላት «አዎ፣ እኔ ያልኩት ይኸንን ነው» ትለኛለች። ይህ ሥራ ደስ እንደሚለኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

በየካቲት ወር ከባሕር ዳር ተነሥቼ፣ በዳንግላና በእንጅባራ በኩል ቡሬ ገባሁ። ከቡሬ እስከ መንደራቸው ግማሹን በባጃጅ፣ ግማሹን በእግር ነው። ከእኅቴ ግቢ ስደርስ ቀይ ዛላ በርበሬ በሰሌን ላይ ተሰጥቶ ግቢው ደም መስሏል። ቤተሰቡ በሙሉ ዙሪያውን ተቀምጦ የተበላሸውን ከደህናው ይለያል። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ከመካከላቸው ተቀመጥኩ። እያስነጠስን ተጨዋወትን።

የልጅቱ ነገር ከመንደሩ ሰው ያልተነጋገረበት አልነበረም ማለት ይቻላል። የእኅቴ ባል ሐሳባቸውን አስቀድመው ጨርሰዋል። «ሐኪም ትሁን። ሌላ ምን አለ? እዚህ አገር ሰው ሲታመም ቡሬ እስኪደርስ ነፍሱ ትወጣለች» አሉኝ። ይህን ንግግር ከንቱ ነው የሚል ካለ አንድ ክረምት እዚያ ይቀመጥ። አጎቷ ደግሞ መምህርነት ይሻላታል ባይ ናቸው። ፍኖተ ሰላም የመምህራን ኮሌጅ አለ፤ ቅርብ ነው፤ ለሴት ልጅም የሚሆን ሥራ ነው አሉ። (ይህን «ለሴት ልጅ የሚሆን» የሚሉትን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ። ለወንድ ልጅ የሚሆን ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።) ታላቅ ወንድሟ ስልኩን እየነካካ «ኮምፒውተር» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረበትም።

ልጅቱ ቀና ሳትል በርበሬዋን ትለቅማለች።

እዚህ ላይ አንባብያን እንዲያስቡልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ከቡሬ ገጠር ያለች ልጅ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቷ በአካል ያየችው ሙያ በእጅ ጣት ይቆጠራል። መምህር አይታለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ፖሊስ፣ ቄስ፣ ነጋዴ፣ ሹፌር አይታለች። ሐኪምን ደግሞ ምናልባት አንድ ጊዜ ወረፋ ጠብቃ ለአምስት ደቂቃ አይታዋለች። ፎርሙ የሚጠይቃት ግን ስማቸውን እንኳ ሰምታ ከማታውቃቸው ብዙ ትምህርቶች መካከል ለይታ እንድትጠራ ነው። ስለዚህ የሰማችውን ትጽፋለች። የሰማችው ደግሞ ጎረቤት የሚያከብረውን ነው። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የተባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ከሰዓት በኋላ ውኃ ለመቅዳት ስትወርድ አብሬያት ወረድኩ። ምን መሆን ትፈልጊያለሽ አላልኳትም። ይህ ጥያቄ አንድም ጊዜ ረድቶኝ አያውቅም። «ከልጅነትሽ ጀምሮ ለምን እንዲህ ሆነ እያልሽ የምትጠይቂው ነገር ምንድን ነው?» አልኳት።

ብዙ አላሰበችም። በእጇ ከወንዙ በላይ ያለውን ማሳ አሳየችኝ። «ያ በርበሬ» አለችኝ። «አበባ ላይ ሲደርስ ይጠወልጋል። ጎን ለጎን ካሉት አንዱ ይደርቅና አንዱ ይተርፋል። አባባ ዝናቡ ነው ይላል። እማማ ዓይን ነው ትላለች። እኔ አንድ ቀን የደረቀውን ነቅዬ ሥሩን አየሁት። በስብሶ ቡናማ ሆኗል። ያልደረቀውንም ነቀልኩና አየሁ፤ ነጭ ነው። ለዚያኛው ግን አባባ ተቆጣኝ።»

ሳቅሁ። እርሷ ግን አልሳቀችም። የባዮሎጂ መምህሯን ጠይቃ ከአፈር የሚነሣ ሻጋታ ሊሆን እንደሚችል፣ ውኃ በሚተኛበትና በየዓመቱ በርበሬ በሚተከልበት ማሳ ላይ እንደሚብስ ነግረዋታል። የልማት ሠራተኛውም ማሳውን በበቆሎ አፈራርቁ፣ ውኃውን በቦይ አጠንፍፉ ብሏቸው ነበር። «ታዲያ ሻጋታው ከአፈሩ ውስጥ ስንት ዓመት ይኖራል? የማይዘውስ የበርበሬ ዘር የለም ወይ?» አለችኝ። እኔ ምኑን አውቄ!

«ይህንን የሚያጠና ትምህርት እንዳለ ታውቂያለሽ?» ስላት «ምን ይባላል?» አለችኝ።

እንግዲህ ይህች ልጅ ምን መማር እንደምትፈልግ አታውቅም ይባል ነበር። ጥያቄው በእጇ ነበር፤ ያጣችው ስሙን ነው። የዕፅዋት ሳይንስ፣ የዕፅዋት ጥበቃ፣ ባዮሎጂ፣ የአፈር ሳይንስ እያልኩ የማውቀውን ቆጠርኩላት። በእንስራዋ ጫፍ ላይ እጇን አድርጋ አንድ በአንድ ደገመቻቸው።

ማታ ነገሩን ለአባቷ ሳነሣው የጠበቅሁት ሆነ።

«ግብርና?» አሉኝ። «ግብርናማ እኔም አለሁበት። እኔ ያለ ትምህርት የምሠራውን ሥራ ልትሠራ ነው አሥራ ሁለት ዓመት ስንቅ የተሸከመችው?»

«አያ፣ እርሶ በርበሬውን ያመርታሉ። እርሷ የምትለው የሚገድለውን ነገር ልወቅ ነው» አልኳቸው።

«ይወቁታ! አዋቂዎቹ መቼ ጠፉ? ሰው ሲታመም ግን የሚያክም የለም።»

ክርክሩ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆየ። እኅቴ እሳቱን እየቆሰቆሰች ዝም ብላ ትሰማ ነበር። እትዬ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ የተዳረች ናት። በክፍሏ አንደኛ ትወጣ እንደነበር እናቴ ትናገራለች። ድንገት ቀና ብላ፣ «እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። «ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እንኳን ፎርም፣ የሠርጌን ቀን የነገረኝ የለም። ይህችን ልጅ ተጠይቀሽ መልሺ አሏት። እስቲ እርሷ ትመልስ።»

ባለቤቷ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡ እንጂ መልስ አልሰጡም።

በዚያች ሌሊት መውጫ ያገኘንለት ነገር እጅግ ቀላል ነው። ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው ስለሚጨነቅበት ልግለጸው። በማትሪክ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ተምሮ የትምህርት ክፍል የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሥራ ላይ ሲውል የሁለት ዓመት መሰናዶ መጣና ያ የመጀመሪያ ዓመት ቀረ። እኔን ያጋጠመኝ ይኸው ነው። በ2012 ዓ.ም. ግን ተመልሷል። ስለዚህ የእኅቴ ልጅ በዚያ የካቲት የምትሞላው ፎርም የሕይወቷ መጨረሻ አልነበረም። በተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪነቷ ዩኒቨርሲቲ ትመርጣለች፤ የትምህርት ክፍሉን ዓመቱን ተምራ፣ ቤተ ሙከራውን አይታ፣ ከታላላቆቿ ጠይቃ ትመርጣለች። ሁለት ፎርም ነው፤ የሚጠይቁትም አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ላይ በሩን ሰፋ ማድረግ፣ በሁለተኛው ላይ ግን ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። እኔ ያደረግሁት የዚህን ተቃራኒ ነው። በመጀመሪያው ላይ «ሕክምና» ብዬ ቁርጥ አደረግሁ፤ በሁለተኛው ላይ ሰሌዳ ገለበጥኩ።

ሰፋ ይበል ሲባል ግን እንደ እኔ በስም ማማር ይደርደር ማለት አይደለም። አባትና ልጅ ያልተስማሙበትን ሁለቱንም ትምህርት የያዘ ዩኒቨርሲቲ ፈለግን። ባሕር ዳር የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለው፤ ዘንዘልማ ላይ ደግሞ የግብርና ኮሌጁ አለ። ሐረማያ በግብርና ስመ ጥር መሆኑን፣ ጅማም፣ ሐዋሳም እንዳሉ ነግሬያቸው ነበር። አባቷ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች ነገር ከጎጃም ወላጅ ልብ አልወጣም። እኔም «ርቀት አይፍሩ» ብዬ ልከራከራቸው አፌን አልከፈትኩም። የትምህርቱን ዓይነት ብቻ ምረጡ፣ ቦታውን ተዉት የሚሉ መካሪዎች ሴት ልጅ በሌሊት አውቶቡስ ልከው የማያውቁ ናቸው።

ነገሩ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። አሜሪካ የምትኖር የአጎቴ ልጅ ከዚህ በፊት በስልክ ስታማክረኝ፣ የእርሷም ልጅ እዚህ ላይ ተቸግራ ነበር። በዚያ አገር በብዙ ኮሌጆች «ገና አልወሰንኩም» ብሎ መግባት ይቻላል፤ እስከ ሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ጊዜ ይሰጣሉ። ነገር ግን እንደ ነርስነትና ምሕንድስና ያሉትን በብዙ ቦታ ከመጀመሪያው ካልጠየቁ በኋላ መግባቱ አስቸጋሪ ነው። እንግሊዝ አገር ደግሞ ሌላ ነው። አመልካቹ እስከ አምስት ምርጫ ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ምርጫ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ አንድ የታወቀ ትምህርት ነው፤ ለምን ያንን እንደመረጠም በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። ያን አገር የሚያስቀናኝ አምስት ምርጫ መስጠቱ አይደለም፤ «ለምን?» ብሎ መጠየቁ ነው። የእኛ ፎርም ለምን የሚል ቦታ የለውም። እንግዲህ ያንን ጥያቄ እቤት ውስጥ፣ በእሳት ዳር፣ አክስትና እናት መጠየቅ አለባቸው።

በማግሥቱ ሦስታችን፣ አባትየው፣ ልጅቱና እኔ፣ ቡሬ ወረድን። ፎርሙ በኢንተርኔት የሚሞላ ስለሆነ የገጠር ልጆች ሁሉ ከኮምፒውተር ቤት ተሰልፈዋል። እንደደረስንም አንድ ነገር አየሁና ደነገጥኩ። የሚሞላው ልጅ ተማሪዎቹን አይጠይቅም። የይለፍ ቃላቸውን ተቀብሎ፣ ከአንድ ወረቀት ላይ የተጻፈ ተርታ ለሁሉም ይደግማል። ተራችን ሲደርስ ለእኛም ያንኑ ጀመረ። «ቆይ፣ የእርሷን ነው የምትሞላው» ስለው፣ «እትዬ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያስሞላው። ውጤቷ ጥሩ ነው፤ አይጨነቁ» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። እንዲያውም ለሚቸኩል ሰው ያዘነ መስሎት ነው። ግን በዚያች ጠባብ ክፍል፣ በአንድ ወረቀት ላይ፣ ያላያቸውን የስንት ልጆች ዕድል ይዟል! የእኔ የፈተና ክፍል ጎረቤት ትዝ አለኝ።

አባትየው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ከኮምፒውተሩ አጠገብ ቆሙ። «የእርሷ ወረቀት ይኸውልህ» ብለው ልጅቱ በእጇ የጻፈችውን ሰጡት። ሞልቶ ሲጨርስም «አንብበው» አሉት። አነበበ። «ድገመው» አሉት። ሰልፈኛው እያጉረመረመ ደገመ። ማንበብ የማይችል አባት ከዚህ የበለጠ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ባሕር ዳር ደረሳት።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ እኔ መልካም አክስት ሆኜ እቀር ነበር። ግን ዓመቱ አልቆ ሁለተኛው ፎርም መጣ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በክልላችን በተፈጠረው የጸጥታ ችግር መንገድ እየተዘጋ፣ ትምህርትም እየተቆራረጠ ስለነበረ ያ የመጀመሪያ ዓመት ረዘመባት፤ ውጤቷ ግን ከጠበቅነው በላይ ሆነ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ከቢሮዬ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «አክስቴ፣ በዚህ ውጤት ከጤናው አንዱ ሊደርሰኝ ይችላል አሉኝ» አለችኝ።

አንባብያን ሆይ፣ በወንዝ ዳር ያን ሁሉ የተናገርኩ ሴት ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ። «እንግዲያውስ ጤናን አንደኛ አድርጊ» አልኳት።

ለምን እንዲህ አልኩ? ፈራሁ። ዲግሪያቸውን ይዘው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ማመልከቻ ሊያስገቡ ቢሯችን ድረስ ይመጣሉ፤ ከመካከላቸው የግብርና ምሩቃን አሉ። የጤና ምሩቃንም አሉ፤ ያን ዕለት ግን እነዚያን አላስታወስኳቸውም። አባቷ ደስ ሲላቸው ታየኝ። መናኸሪያ ሻይ ቤት የተቀመጠችው ልጅም ታየችኝ። የራሴን ፍርሃት በእርሷ ፎርም ላይ ልሞላው ነበር።

ልጅቱ ቆማ ትንሽ አየችኝና፣ «እሺ፣ አስብበታለሁ» ብላኝ ሄደች። ሁለት ቀን አልደወለችም። በሦስተኛው ቀን ደውላ፣ «ሞላሁ» አለችኝ። አንደኛ የዕፅዋት ሳይንስ፣ ሁለተኛ ባዮሎጂ፣ ሦስተኛ የአፈርና የተፈጥሮ ሀብት። ሦስቱም ወደዚያው ማሳ የሚያደርሱ ናቸው። አንዱ ቢቀር በሌላው ትደርሳለች። እኔ ያኔ ሕክምናንና ምሕንድስናን ሳስከትል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስድ መንገድ አልነበረኝም።

ለአባቷ እንዴት እንደነገረቻቸው አላውቅም። ለጎረቤት ግን «ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው» ማለታቸውን አልተዉም። የምን ሐኪም ሲሏቸው «የእህል» ይላሉ። እኅቴ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ሳቋ አላስወራ አላት።

ዘንድሮ ልጅቱ ዘንዘልማ ናት። ባለፈው ክረምት መንገድ ተከፍቶላት ቤቷ ገብታ ሳለች፣ ያ ከወንዙ በላይ ያለው ማሳ ቢያንስ ለሦስት ዓመት በርበሬም፣ ቲማቲምም፣ ድንችም እንዳይነካው፣ በቆሎ እንዲዘራበት አባቷን ለምናቸው ነበር። ሰሟት። በደንብ ነው የሰሟት። ከዚያም በሐምሌ ችግኙን አምጥተው እዚያው ማሳ ላይ በርበሬ ተከሉ፤ የበርበሬ ዋጋ ጥሩ ነውና። ከዳር ያለውን ቦይ ግን እርሷ እንዳሳየቻቸው አድርገው ቆፈሩ።

መስከረም ላይ ከማሳው የቦዩ ወገን ደህና ቆሞ፣ የመካከሉ ጠወለገ። አባቷ ደወሉላት። «ከሁለቱም ወገን ሥሩን ነቅዬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬልሻለሁ» አሏት። «ስትመጪ እይው።»